የዝንጅብል ብስኩት ቤት በጅማ ማር፦ ግድግዳው ለምን ይለሰልሳል፣ ጣሪያውስ ለምን ይንሸራተታል?

ነገሩ በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የጥያቄና መልስ ክር ነው፤ መክፈቻው ጥያቄ አጭር ነው። ጠያቂዋ ጅማ ነች። ለገና ከልጆቿ ጋር የዝንጅብል ዳቦ ቤት፣ ማለትም ከተጋገሩ የብስኩት ቁራጮች የሚገጣጠም ትንሽ የሚበላ ቤት፣ መሥራት ትፈልጋለች። የፈረንጆቹ አሠራር ሞላሰስ፣ ከስኳር ሥራ የሚተርፈውን ጥቁር ወፍራም ሽሮፕ፣ ይላል፤ እዚህ ሞላሰስ ሲባል ግን ሰው የሚያስበው የከብት መኖ ነው። ማር ሞልቷል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቀች፦ ስኳሩን በሙሉ በማር መተካት ይቻላል ወይ? ጾሙ ሳይፈታ፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ማዘጋጀትስ? ከሥሩ የቤቱን ልክ አስፍራለች፦ ሁለት የጎን ግድግዳ 16 በ9 ሴንቲ ሜትር፤ የፊትና የኋላው ግድግዳ ወርዱ 12፣ ቁመቱ ማዕዘኑ ላይ 9፣ ጫፉ ላይ 17፤ ሁለት የጣሪያ ክዳን 20 በ9። የመጨረሻው ቁጥር ስሕተት ነው፤ እስከ 6ኛው መልስ ድረስ ግን ያየው ሰው አልነበረም።

ክሩን ያነበብኩት 29ኛው መልስ ከገባ በኋላ ነው። ጠቃሚው ነገር በጭቅጭቁ መሐል ተበታትኗል፤ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ አስቀምጬዋለሁ፤ የማልስማማበት ቦታ ላይ ግን ዝም አላልኩም።

መልስ 1 ጥያቄውን ትቶ ስሙ ላይ ተጣበቀ። የዝንጅብል ዳቦ ቤት የሚል ርዕስ ያየ አማርኛ አንባቢ የሚመጣለት ዳቦ የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ሰውዬው ንግድ ፈቃድ የምታወጣ መስሎት ነበር። ነገሩ ደግሞ ዳቦም አይደለም፤ እርሾ የለውም፣ አይቦካም፣ አይነፋም። ጠንካራ ብስኩት ነው። መልስ 2 በትሕትና ተስማማ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ብስኩት ቤት እያለ ቀጠለ። ቀልድ ይመስላል እንጂ ቁም ነገር አለበት፤ ዳቦ ብሎ የጀመረ ሰው ሊጡን እንዲነፋ ያደርገዋል፣ የተነፋ ግድግዳ ደግሞ አይቆምም።

መልስ 3 የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ ነው። ልኩ ይህ ነው፦ የፉርኖ ዱቄት 600 ግራም፣ ስኳር 200፣ ማር 200፣ የገበታ ቅቤ 120፣ እንቁላል 1፣ የተፈጨ ደረቅ ዝንጅብል 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ቀረፋ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ኮረሪማ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ቅርንፉድ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ቁንጥጫ ጨው። ማሩ፣ ስኳሩና ቅቤው በለስላሳ እሳት ይሞቃሉ፤ ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ እንጂ አይንተከተክም። ከእሳት ወርዶ ሶዳው ሲገባ አረፋ ያወጣል፤ ማሰሮው ሰፊ ካልሆነ ይገነፍላል። ጣት እስኪችለው ከቀዘቀዘ በኋላ እንቁላሉ፣ ከዚያ ቅመሙ የተቀላቀለበት ዱቄት በሁለት ዙር። ሊጡ ሲያልቅ ትኩስ እያለ ለስላሳ ይመስላል፤ ያኔ ዱቄት መጨመር የጀማሪ ስሕተት ነው። ተጠቅልሎ ቀዝቃዛ ቦታ ሲያድር ዱቄቱ እርጥበቱን ይጠጣና ራሱ ይጠነክራል። ያላደረ ሊጥ ምድጃ ውስጥ ይሰበሰባል፤ 16 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ የገባ ግድግዳ 15 ሆኖ ይወጣል። ንጥር ቅቤ እንዳይገባ አስጠንቅቋል፤ የኮሰረቱ ሽታ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ይጣላል።

መልስ 4 የጥያቄውን ልብ ያገኘው ነው፤ የክሩ ምርጥ መልስ የምለውም ይህን ነው። ስኳሩን በሙሉ በማር መተካት አይሆንም አለ፣ ምክንያቱንም አስረዳ። በደንብ የበሰለ ማር እንኳ ከመቶ 17 እስከ 20 ያህሉ ውሃ ነው። ከዚያ በላይ፣ ማር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ እርጥበትን ከአየር ይስባል። ተራ ስኳር ግን ብስኩቱ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል፤ ግድግዳውን እንደ ድንጋይ የሚያደርገው ያ ነው። ማር ብቻ ያለው ብስኩት ከምድጃ ሲወጣ ደረቅ ነው፣ በማግስቱ ይተጣጠፋል፣ በሦስተኛው ቀን ጣሪያውን ይዞ ይወርዳል። ሕጉ፦ ማር ከጠቅላላው ጣፋጭ ከግማሽ አይበልጥ። ሞላሰሱ የሚሰጠውን ጥቁር ቀለም ለማግኘት ከ200ው ግራም ስኳር 3 የሾርባ ማንኪያውን ደረቅ ድስት ላይ አቃጥሎ፣ እንደ ሻይ ሲጠቁር በጥቂት የፈላ ውሃ መፍታት በቂ ነው። ውሃው ሲገባ ይረጫልና ራቅ ብሎ በረጅም ማንኪያ።

ይኸው ሰው አንድ የጎን ወሬ ጨምሯል፤ ደስ ስላለኝ አላለፍኩትም። የጀርመኗ ኑረንበርግ በዚህ ብስኩት ስሟ የገነነው በዙሪያዋ ያለው ደን ማር ስለሚሰጥና የቅመም ነጋዴ መንገድ በከተማዋ ስለሚያልፍ ነበር፤ ጋጋሪዎቹ በ1643 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። ማርና ቅመም በአንድ ቦታ ሲገናኙ የሚሆነው ይኸው ከሆነ፣ የደን ማርና ኮረሪማ ያላት ጅማ ምን ጎደላት ብሎ ጠየቀ። ብቻ የኑረንበርጉ ማር የበዛበት ብስኩት ሆን ተብሎ ለስላሳ የተደረገ፣ የሚበላ ነው፤ ቤት አይሠራበትም።

መልስ 5 ጾሙን ያዘ። 120 ግራም ቅቤ ውስጥ ወደ 20 ግራም የሚጠጋው ውሃ ስለሆነ፣ ምትኩ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት እንጂ 120 አይደለም። በእንቁላሉ ፈንታ 3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ጥቁር ቡና፤ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙም ከዝንጅብሉ ጋር ይስማማል። የዘይት ሊጥ ሲቀዘቅዝ ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ ያደረውን ከመዳመጥ በፊት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ማቆየት። ለማጣበቂያው አይሲንግ፣ ማለትም ከዱቄት ስኳር ጋር ተመትቶ ለሚሠራው ነጭ ማጣበቂያ፣ በእንቁላል ነጭ ፈንታ ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ ይገባል፦ ሽምብራው ያለ ጨውና ያለ ሶዳ በትንሽ ውሃ ይቀቀላል፣ በራሱ ውሃ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ተጠልሎ እንደ እንቁላል ነጭ እስኪዝለገለግ እንደገና ይቀንሳል። 2 የሾርባ ማንኪያው አንድ እንቁላል ነጭን ይተካል። ሲመታ አረፋው ነጭና ጠንካራ ነው፤ ለመድረቅ ግን እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል።

መልስ 6 ስሕተቱን ያየው ነው። የፊቱ ግድግዳ ወርድ 12 ከሆነ ግማሹ 6 ነው፤ ከማዕዘኑ እስከ ጫፍ ያለው ከፍታ 8 ነው፤ 6 እና 8 ያለው ሦስት ማዕዘን ተዳፋት ጎኑ 10 ይሆናል። 9 ሴንቲ ሜትር ክዳን እንኳን ከግድግዳው ሊወጣ፣ መሐል ላይም አይገናኝም። 12 ይሁን፤ 2ቱ ሴንቲ ሜትር ለጥላ። ሰውዬው ሊጡንም ሠርቶታል፦ የሁሉም ቁራጭ ስፋት 1,080 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን 800 ግራም ገደማ ሊጥ፤ ቁርጥራጩና መጠባበቂያው ሲታከል 1.2 ኪሎ ይጠጋል፤ የመልስ 3 ልክ ይበቃል። መጀመሪያ ሁሉም ነገር በካርቶን ተቆርጦ በፕላስተር ተጣብቆ ይቁም፤ ካርቶኑ ካልገጠመ ብስኩቱ አይገጥምም። የጎን ግድግዳዎቹ በፊትና በኋላው መሐል ነው የሚገቡት እንጂ ከውጭ አይለጠፉም።

ከ7 እስከ 10 ያለው ጭቅጭቅ ነው። መልስ 7 የጣሪያው ቁልቁለት 53 ዲግሪ መሆኑን አስልቶ፣ ይህ በረዶ ለሚያራግፍ አገር የተሠራ ነው፣ ጅማ ላይ በረዶ የለምና ወርዱ 16፣ ጫፉ 15 ይሁን አለ፤ ተዳፋት ጎኑ ያው 10 ሆኖ ቁልቁለቱ ወደ 37 ይወርዳል። መልስ 8 ቆጣ አለ፦ ያልተጠየቀ መመለስ ነው፣ ቆርቆሮ ቤት የፈለገ ቆርቆሮ ይግዛ፣ የብስኩት ቤት መልኩ ሹል ጣሪያው ነው፣ የሚንሸራተተውም በቁልቁለቱ ሳይሆን አይሲንጉን ቀጥኖ በማበጀትና በመቸኮል ነው። መልስ 9 ላይ ሰባተኛው ተመልሶ በቁጥር መታው፤ በ53 ዲግሪ ላይ ክዳኑን ወደታች የሚጎትተው የክብደቱ 8 አሥረኛ ነው፣ በ37 ደግሞ 6 አሥረኛ። 10ኛው ሁለቱንም ወንድሞቼ እያለ አስታረቀ፤ እውነቱም እሱ ጋ ነው። አንድ ክዳን ባዶውን 150 ግራም ያህል ነው፤ አይሲንግና ከረሜላ ሲጫንበት ወደ 250 ይጠጋል። ስለዚህ ክዳኑ ሳይጌጥ ባዶውን ይገጠማል፤ በጥላው ሥር ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ጣሳዎች ይቆማሉ፤ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ልኩ ነው፣ ካነሰ ከሥሩ መጽሐፍ። እንደዚያ ሆኖ ያድራል፤ ጌጡ በማግስቱ ነው። ግድግዳው ራሱ ቆሞ ቢያንስ 2 ሰዓት ሳይደርቅ ጣሪያ የሚጭን ሰው በ37 ዲግሪም ቢሆን ያፈርሰዋል።

መልስ 11 ከፍታን አነሣ፣ ማንም ያላሰበውን። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስላለ ሶዳው የሚያወጣው ጋዝ ይበልጥ ይለጠጣል፤ የመልስ 3 አንድ የሻይ ማንኪያ ለባሕር ዳርቻ አገር እንጂ ለዚህ አይሆንም። ግማሹ ይበቃል፤ ጨርሶ የተወም ሰው ግድግዳው ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣለታል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ቁራጩ መሐሉ ላይ ጉብ ካለና ጠርዙ ከተጠጋጋ ሶዳው በዝቷል። ያ ቁራጭ ገና ትኩስ እያለ ጠፍጣፋ ትሪ ተጭኖበት ይስተካከላል፤ ከቀዘቀዘ ግን ይሰበራል።

12ኛው ከአይሲንግ ይልቅ በቀለጠ ስኳር ማጣበቅ አይፈጥንም ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ 13 ይፈጥናል፣ ስኳርና ውሃ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ ማፍላት ነው አለ። መልስ 14 አረመው፦ ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ 150 የተባለ ሽሮፕ እዚህ በ144 ይደርሳል፤ 150 የጠበቀ ከልኩ በላይ ያበስለዋል። ውሃ ሳይገባበት በደረቁ የሚቀልጥ ስኳር ግን ከከፍታ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ቀለሙን አይቶ እንደ ማር ሲቀላ ማውረድ ነው። ያም ሆኖ ልጆች ባሉበት እንዳይደረግ በጠንካራ ቃል ጽፏል። የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውሃ ይብሳል፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ከነካ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፤ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይቀባም። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። የቤተሰብ ሥራ ከሆነ አይሲንግ ይሁን፤ ቢዘገይም ሕፃን ይነካዋል።

እዚህ ላይ ክሩ ሞቀ። መልስ 15 ጠያቂዋን እህቴ ብሎ ጀምሮ ወጋት፦ ገና ማለት ድፎ ዳቦና ዶሮ ወጥ ነው፣ ዱቄት በዚህ ዋጋ ላይ እያለ በፈረንጅ መጫወቻ ማባከን ምን ይሉታል? 16ኛው የመለሰለትን እዚህ አልደግመውም። 17ኛው ረጋ ብሎ፣ ድፎውን የተወ ሰው እንደሌለ፣ ቤቱም መጨረሻው ሆድ ውስጥ እንደሆነ፣ ክሩን ያልወደደ ማለፍ እንደሚችል ጻፈ። የ15ኛው ሐሳብ አያናድደኝም፤ ግን 600 ግራም ዱቄት አንድ መካከለኛ ድፎ እንኳ አይሞላም፣ ብክነት ለማለት ትንሽ ይቀረዋል።

መልስ 18 ላይ ልጄ ብለው የጻፉት እናት ነገሩን ወደ ምድጃው መለሱት፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም አንቱ እያለ ጠየቃቸው። ኦቭን ያለው በ170 ዲግሪ ከ14 እስከ 16 ደቂቃ ይጋግር፤ ማር ያለበት ሊጥ ቶሎ ስለሚጠቁር ጠርዙ ሲጠይም ይውጣ። ኦቭን የሌለው ወይም መብራት የሚያስቸግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይችላል፦ ምጣዱ ለእንጀራ እንደሚግል ይግላል፣ ሶኬቱ ይነቀላል፣ 5 ደቂቃ ይታገሡታል። ጥሬ ዱቄት ቆንጠር አድርጎ መበተን፤ ወዲያው ከጠቆረ ገና ነው። ከዚያ የመጋገሪያ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ቁራጩ። አክንባሎው ሙሉ በሙሉ አይከደንም፤ ማንኪያ ጣል ተደርጎ ክፍተት ይተውለታል። ተዘግቶ ከቀረ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ረግቶ ይንጠባጠባል፤ ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ ያለበት ቦታ ሁሉ የኋላ ኋላ የሚሰነጠቅበት ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ በጠፍጣፋ ክዳን ይገለበጣል፣ 6 ደቂቃ ይጨመርለታል፣ ሙቀቱ ከወረደ ለሁለት ሦስት ደቂቃ መሰካት ነው። ለከሰል ደግሞ ወፍራም ድስት፣ ታቹ ላይ ሁለት ጣት ደረቅ አሸዋ፣ ከብረት ክዳኑም በላይ ፍም፤ ከላይም ከታችም እሳት። ብቻ ድስት ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር የጣሪያ ክዳን አይገባምና ልኩ በሙሉ ወደ ሦስት አራተኛው ይቀነስ።

መልስ 19 በወረቀቱ ፈንታ ኮባ ቢነጠፍስ ብሎ ጠየቀ። ሽታው ለዳቦ እንጂ ለዚህ አይሆንም አሉ፣ በመልስ 20፤ ኮባ እርጥብ ነው፣ እንፋሎት ይሰጣል፣ የብስኩቱን ሥር ለስላሳ ያስቀረዋል። ወረቀት ከሌለ ትሪውን ዘይት ቀብቶ ዱቄት መንዛት።

የ21ኛው ሰው እጁ በሥራው ላይ የቆየ መሆኑ ያስታውቃል። ቁራጩ ምድጃ ውስጥ ጥቂት ስለሚሰፋ፣ በወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑ ላዩ ላይ ተደርጎ ጠርዙ በረጅም ቢላ ይስተካከላል። ቢላው ወደታች ይጫናል እንጂ አይጎተትም፤ ሲጎተት ጥጉ ይፈረፈራል። ካመለጠ ከሞረድ ወይም ከጥሩ ወንፊት ጀርባ ጋር ማሸት ይቻላል፤ አቧራው ግን ይራገፍ፣ አይሲንግ በአቧራ ላይ አይዝም። በማግስቱ ሁሉም ቁራጭ በ120 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ እንደገና ይደርቃል። ማር ላለበት ሊጥ ይህ ሁለተኛ ዙር የግድ ነው፤ እኔ ከክሩ ሁሉ አንዱን ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ ይህን ነው የምይዘው። ፈተናውም እንዲህ ነው፦ ትርፍ ቁራጭ ሲቀዘቅዝ በሁለት እጅ ይሰበራል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረና የተሰበረው ፊት ደረቅ፣ ብናኝ የሚያወጣ ከሆነ ደርሷል። ድምፅ ሳይሰጥ ከታጠፈ ወይም መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ከታየ ውስጡ ውሃ አለ፤ ይመለስ።

መልስ 22 ስለ አይሲንጉ ነው፦ 2 እንቁላል ነጭ፣ ከ450 እስከ 500 ግራም ዱቄት ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። ማንኪያ ሲነሣ ጫፉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ከታጠፈ ለጌጥ እንጂ ለማጣበቂያ አይሆንም። ሳህኑ ቅቤ የነካው ከሆነ አረፋው አይነሣም፤ ፕላስቲክ ቅባት ይይዛልና ብረት ወይም ብርጭቆ ሳህን በሎሚ ተወልውሎ። ስኳሩን ቤት ውስጥ በቡና መፍጫ የሚፈጭ ካለ ሁለቴ ይንፋው፤ አንዲት ፍሬ የመጭመቂያውን ጫፍ ትዘጋለች፣ የቡናው ሽታም ይከተላል። ጠየም ያለ ስኳር ከተፈጨ አይሲንጉ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ሎሚም አያነጣውም። የተረፈው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን፤ በ10 ደቂቃ ቅርፊት ያወጣል። ቀጭን ፌስታል ቆርጦ መጭመቅ አይመከርም፣ በጎኑ ይፈነዳል፤ ወረቀት እንደ ቆሎ ሻጭ ጥቅል ተጠቅልሎ ጫፉ ቢቆረጥ ይሻላል። ቤቱ የሚበላ ከሆነ እንቁላሉ ጥሬውን አይግባ፤ ነጩና ከስኳሩ ጥቂቱ በሚፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ውስጥ እየተማሰለ 71 ዲግሪ ሲደርስ ይውረድና ይመታ።

23ኛው መስኮቱን በአጭሩ ጨረሰው። ጠንካራ ባለ ቀለም ከረሜላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወቀጣል፤ ግድግዳው ሊበስል 4 ደቂቃ ሲቀረው መስኮቱ ውስጥ ይሞላል፣ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ይቀልጣል፣ እስኪቀዘቅዝ አይነካም። ወተት ያለበት ከረሜላ ደፍርሶ ይቀራል። ይህ ለኦቭን ነው፤ ምጣድ ላይ ሲገለበጥ ይፈሳል።

መልስ 24 የክሩን አቅጣጫ ቀየረ፤ ለምን ጎጆ አንሠራም? ክቡን ግድግዳ መጋገር አስቸጋሪ ስለሆነ ስምንት ማዕዘን ይሁን፦ 6 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 8 ግድግዳዎች፣ አንዱ በር የተቆረጠበት፤ ለጣሪያው ግርጌያቸው 7፣ ቁመታቸው 11 የሆኑ 8 ሦስት ማዕዘኖች። እንደዚህ ሲገጣጠሙ የጣሪያው ከፍታ 7 ይሆናል፣ ዙሪያውንም ትንሽ ጥላ ይተርፋል። ስምንቱ በአንዴ አይቆሙምና ጎድጎድ ባለ ሳህን ውስጥ ተገልብጠው፣ ጫፋቸው ወደታች ሆኖ፣ ከውስጥ በአይሲንግ ይያያዛሉ፣ አድረው ይገለበጣሉ። ለሣር ክዳን የተቀጠቀጠ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ፤ ለድንጋይ ግድግዳ የገብስ ቆሎ። ልጆቹ ከከረሜላው ይልቅ ቆሎውን መደርደር ይወዳሉ ብሏል፤ ያምርማል። ቡና ፍሬ ለመንገድ መደርደርን ግን ተቃውሟል፣ ትናንሾቹ ያኝኩታል።

25ኛው ከዚያ ከፍ ብሎ የጅሬኑን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንሥራ አለ። ሰገነቱና የእንጨት ምሰሶዎቹ ያምራሉ፤ ነገር ግን እንደ ጣት የቀጠነ የብስኩት ምሰሶ ክብደት አይችልም፣ ማር ያለበት ደግሞ ቀኑን ሳይጨርስ ይጎብጣል። ይህን እሱም አምኖ፣ ምሰሶው የአይሲንግ ሥዕል ሆኖ ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ ይሳል በሚል ጨረሰ።

መልስ 26 ስለ ጉንዳን ነው፣ የጅማ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር። ማርና ስኳር ያለበት ቤት ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ሌሊቱን መንገድ ይሠሩለታል። አራቱ የጠረጴዛ እግሮች ውሃ ያለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ይቁሙ፣ ውሃው ላይ ጠብታ ዘይት፤ ጠረጴዛው ግድግዳና መጋረጃ አይንካ። መድኃኒት መርጨት አይታሰብም፣ የሚበላ ነው። የታኅሣሥ ቀኑ ደረቅ ቢሆንም ማታ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ጤዛና ጉም አለ፤ ስለዚህ ማታ ማታ ቤቱ በትልቅ ካርቶን ይሸፈን። በፕላስቲክ አይደለም፤ ፕላስቲክ ውስጥ የራሱ እርጥበት ያልበዋል።

በመልስ 27 ጠያቂዋ ተመለሰችና ሁሉንም ወደ ቀን ቆጠራ ቀየረችው። ታኅሣሥ 24 ሊጥ፣ በዘይትና በቡና፣ ሶዳ ግማሽ፤ 25 መዳመጥና መጋገር፤ 26 ጠዋት ሁለተኛው ማድረቅ፣ ከሰዓት ግድግዳ ማቆም፤ 27 ጣሪያ ከነጣሳው፤ 28 ጌጥ፤ 29 ገና። ወርዱን ወደ 16 ቀይራለች፤ የ8ኛው ሰው ሳይከፋው አልቀረም። እኔ ብሆን ሊጡን በ23 ነበር የማስጀምራት፤ የሽምብራ ውሃ አይሲንግ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል ተብሏልና፣ በግድግዳውና በጣሪያው መሐል አንድ ሙሉ ቀን ይኑር።

28ኛው የጎረቤት ልጆችም ይጠሩ ይሆናልና የሚለጠጡት ከረሜላዎች ጄላቲን እንዳለባቸው አስታወሰ። ጄላቲን ከእንስሳ የሚወጣ ነው፤ ሙስሊም ጎረቤት ሐላል ስለመሆኑ ይጠይቃል፣ ጾመኛውም አይበላውም። ለሁሉም የሚሆነው ኦቾሎኒ፣ ሱፍ፣ የዱባ ፍሬና ጠንካራው ከረሜላ ነው፤ የዱባ ፍሬ ከታች ወደ ላይ ተደራርቦ ሲለጠፍ ክዳን ይመስላል።

መልስ 29 የእኚያው የምድጃዋ እናት ነው። ቤቱን የት እንደምታስቀምጠው ጠየቋት፤ ከረከቦቱ አጠገብ ከሆነ ቄጠማው እርጥብ ነው፣ ጀበናውም እንፋሎት ይሰጣል፣ ጣሪያው ወደ ምድጃው በኩል ያለው ጎኑ መጀመሪያ ይልማል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ድረስ ሌላ ክፍል ይቆይና በመጨረሻ ይምጣ አሉ፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ከጭስ ማውጫው ይጀምሩ፣ ጣሪያው የተሸከመው ግድግዳው ነውና ግድግዳውን ቀድሞ የሚበላ እንዳይኖር።